ዘበኛው የሌለበት ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ትንሿን የተውናት ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ መዳፏ ላይ የደረቀ ዓሣ ይዛ ነበር። እስቲ ዛሬም ከዚያው እንነሳ። ቀስ እያልኩ ነው የምነግራችሁ፤ ይህ የሚቸኮልበት ወሬ አይደለም።

ዓሣው ከጣት አይበልጥም። በሕይወት ሳለ ቢጫነቱ ክፍሉን ያደምቀው ነበር። አሁን ግን እንደ ደረቀ የሎሚ ልጣጭ ተጣጥፎ፣ ትንፋሽ ቢነካው የሚበር ሆኗል።

«እኔ'ኮ ቅጠል መስሎኝ ልጠርገው ነበር!» አለች አክስቷ መጥረጊያዋን ተደግፋ። «ከካቢኔው ኋላ ነው ያገኘሁት። ዓይኑን ሳይ ክው አልኩ። ዘበኛው! የኛው ዘበኛ መሬት ላይ!»

«ዘልሎ ነው» አለች ትንሿ። ድምፅዋ ወጣ ከሚባል አልወጣም ቢባል ይቀላል።

«ገንዳው ክዳን የለውም እንዴ?» አሉ አባቷ ዳኛው ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ።

«ክዳንማ አለው።»

«ትናንት ክዳኑን የዘጋው ማነው?»

አክስትየው ትንሿን አየቻት፣ ከዚያ ወንድሟን። «ትናንት ቅዳሜ አይደል? ባለ ባልዲው ነዋ።»

ጋዜጣው ወረደ። «እንግዲያው ነገ ይጠራልኝ።»

ትንሿ መዳፏን ቀስ ብላ ዘጋች። ያን ቀን የታያት የሞተው ዓሣ ብቻ አልነበረም።

ትንሿ የምንላት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመቷን ይዛለች። የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሕፃናትን እጅ በእጇ ይዛ ፊደል ስታስጽፍ ትውላለች። እናቷ ከሞተች በኋላ በዚያ ሰፊ ቤት የቀሩት እሷ፣ አባቷና የአባቷ እህት ናቸው። አባቷ ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሐኪም «መንፈስዎን የሚያሳርፍ ነገር ይፈልጉ» አላቸውና አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አስገጥመው፣ የባሕር ውሃ አስሞልተው፣ ዓሣና ኮራል አኖሩበት።

«ለዓሣ በየሳምንቱ ሐኪም ይመላለሳል» ትላለች አክስትየው፣ «የኔን ጉልበት ግን 'ይተውሻል' ይሉኛል።»

ያ በየሳምንቱ የሚመላለሰው ሐኪም ባለ ባልዲው ነው። በግራ በቀኝ ባልዲ አንጠልጥሎ በጓሮ በር ሲገባ አይታ ስሙን ያወጣችለት እሷው ናት። ከገንዳው ውሃ ጥቂቱን ቀድቶ በአዲስ ይተካል፣ መስታወቱን ይፍቃል፣ ጨዉን ይለካል፣ የለካውንም ከካቢኔው በር ጀርባ በተንጠለጠለ ደብተር ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ የመረቡን ክዳን በአራት መቆንጠጫ ያስራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። «ይሄ ዓሣ ሲደነግጥ ወደ ላይ ነው የሚዘለው። ክዳኑ ነፍሱ ነው።»

ትንሿን መጀመሪያ ከገንዳው ፊት ያስቀመጣት ያ ቢጫ ዓሣ ነው። ባለሙያዎቹ ጎቢ ይሉታል። አሸዋው ውስጥ ካለች አንዲት ጉድጓድ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ አንድም ቀን ሲንሸራሸር አልታየም።

«ለምንድነው እንደ ሌሎቹ የማይዋኘው?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቅዳሜ።

«ሥራ ላይ ነው» አለ ባለ ባልዲው፤ እጁን በፎጣ እየጠረገ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ትንሽ ይታገሱና ከውስጥ የምትወጣውን ይዩ።»

ብዙም ሳይቆይ ሽሪምፕ የምትባል አንዲት ቅርፊት ለባሽ ትንሽ የባሕር እንስሳ በሁለት ክንዷ አሸዋ ታቅፋ ብቅ አለች፣ ደጅ ላይ ደፋችው፣ ተመልሳ ገባች።

«ቤቱን የምትቆፍረው እሷ ናት። ዓይኗ ግን እምብዛም አያይላትም። ስለዚህ ስትወጣ አንዷን ጢም መሳይ ረጅም አንቴናዋን ከዓሣው ገላ ላይ አታነሳም። እሱ ያይላታል። አደጋ ሲመጣ ጭራውን ያርገበግባል፤ እሷ ወደ ውስጥ፣ እሱም ተከትሏት።»

«እሱስ ምን ያገኛል?»

«ቤት» አለ። «መቆፈር አይችልማ። እሷ ባትኖር ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው።»

አክስትየው ይህን ከማድ ቤት ሰምታ ዓሣውን ዘበኛው፣ ሽሪምፗን ቆፋሪዋ አለቻቸው። ቆፋሪዋ አልፎ አልፎ በጥፍሯ «ቋ!» ስታደርግ ድምፁ ከሳሎን አልፎ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያ ቀን አክስትየው መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሏት ምንጣፉን ጠቅልላ ይዛ ሮጣለች። «ሰው ይሙት፣ ምንጣፍ ይትረፍ ነው እንግዲህ» እያለ ባለ ባልዲው ሲስቅባት፣ ትንሿ ዓሣውን ትታ የሰውየውን ሳቅ እንዳየች ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለው የገንዳውን ውሃ በሚያዞረው ፓምፕ ነው የተጀመረው። አንድ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ «ፓምፑ ቢቆም ይደውሉልኝ» ብሎ ጽፎ ሄደ። እሷ ከሥሩ «ባይቆምስ መደወል አይቻልም?» ብላ ጻፈች። ደብተሩን ዳኛው ያዩታልና እዚያ ላይ መልስ አልሰጠም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ካቢኔው ውስጥ፣ ምግቡ ባለቀ የዓሣ ምግብ ጣሳ ውስጥ፣ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተጻጻፉ፤ ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን የሱ መልስ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ነበር፣ ሥራ የበዛበት መስሏት አለፈችው። «እርስዎ» ወረቀቱ ላይ ቀድሞ «አንቺ» ሆነ፤ አፉ ላይ እስኪደርስ ሦስት ወር ፈጀበት። አንድ ቀን «ያንን ፎጣ አቀብይኝ» ሲላት ያ የሁለቱ ሠርግ ይመስል ፊቷ ቀላ።

ዳኛው ነገሩን ባያውቁም ሸተታቸው። «በጓሮ በር የገባ ሰው ልጄን ይዞ በፊት በር አይወጣም» ብለው እንዲሁ ከመሬት ተነስተው ለእህታቸው ሲናገሩ ትንሿ በጆሮዋ ሰምታለች። ከወር በፊት ደግሞ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ለትዳር ጠየቃት። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለላት! ጨዋ ነው፣ ትሑት ነው፣ እናቱን ያከብራል። «በሚመጣው ወር መጨረሻ እሑድ ከእናቱ ጋር ምሳ በልተው መልስሽን ይሰማሉ» አሏት አባቷ።

ያኔ ነው ለባለ ባልዲው ሦስት ገጽ ደብዳቤ የጻፈችው። የመሐንዲሱን ነገር ሳትደብቅ ነገረችው። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦ የምትለው ቢጠፋህ ምንም አትጻፍ፤ የጣሳውን ክዳን ብቻ ክፍት አድርገህ ተወው፣ እኔ እረዳዋለሁ። ዘግተኸው ከሄድክ ግን ያንንም እረዳዋለሁ።

ቅዳሜ ደብዳቤው ተወስዷል። ጣሳው ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ምናልባት አላነበበው ይሆናል ብላ ሌላ ሳምንት ጠበቀች። እንደገና ጥርቅም። በዚያው ቅዳሜ ፎጣ ስታቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ያስቀምጡት» አላት። ያስቀምጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ የተከፈተውን በር በአንዲት ቃል ዘጋባት።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት በመዳፏ የያዘችው ዓሣ በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷ መጻሕፍት ክፍል በር ተዘግቶ አገኘችው። ከውስጥ የሁለት ወንዶች ድምፅ ይሰማል፤ ቁጣ የለበትም። አክስትየው ኮሪደሩ ላይ አንድ የወንበር እግር ሩብ ሰዓት ሙሉ ትወለውላለች።

«ይጮኹበታል ብዬ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ዝም ብለው ነው የሚያወሩት። ዝምታቸው ነው ያስፈራኝ።»

በሩ ተከፈተ። ባለ ባልዲው ወጣ። ባልዲ ስላልያዘ እጆቹ የራሱ እጅ አይመስሉም፤ የት እንደሚያደርጋቸው አጥቷል። ትንሿ ከጓሮው በር አጠገብ ጠበቀችው።

«አራት መቆንጠጫ ነው» አለችው። «አራት! አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ለአንዲት መቆንጠጫ እንኳ ጊዜ አጣህ?»

ፊቷን አያይም፤ ዓይኑ በትከሻዋ በኩል አልፎ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«እየኝ እንጂ! ቢያንስ እያየኸኝ ንገረኝ።»

«እያየሁዎት ነው» አለ።

«ግድግዳውን ነው የምታየው።»

«ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ቸኩዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» የበሩን እጀታ ለመያዝ እጁን ሰደደ፣ ሳተው፣ እንደገና ሰደደ። እሷ ንዴት ነው አለች፤ ከእኔ ለመሸሽ ስንት ቸኮለ አለች። በሩ ተዘጋ። ያለቀሰችው በኋላ፣ ድስቱን ስታማስል ነው፤ አክስትየው አይታ ሽንኩርቱን ሰደበችላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለ ባልዲው የሌለበት የመጀመሪያው ቅዳሜ። በማግስቱ መሐንዲሱና እናቱ ለምሳ ይመጣሉ። አክስትየው ማድ ቤት ሰሃን ስታንኳኳ ትንሿ በገንዳው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጉድጓዱ በር ላይ ማንም የለም። ረጅም ጊዜ ቆይታ አንዲት ቀጭን አንቴና ብቅ አለች። ወደ ቀኝ ዳበሰች። ወደ ግራ ዳበሰች። ዘበኛው ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሸዋ ነካችው፣ ትንሽ ቆየችበት፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች። ከስድስት ቀን ወዲህ አንዲት እፍኝ አሸዋ እንኳ አላወጣችም። የጉድጓዱ አፍ መደርመስ ጀምሯል።

ትንሿ ይህን አይታ መቀመጥ አልቻለችም። ቢያንስ ክዳኑን ላስተካክል ብላ ተነሳች። ከእሑድ ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ ማንም ለመንካት ልብ አልነበረውም። የፊተኞቹን ሁለት መቆንጠጫዎች አየች፤ በቦታቸው ናቸው። ሦስተኛው በቦታው ነው። አራተኛው፣ ከግድግዳው በኩል ያለው፣ እሱም ተቆንጥጧል።

ግን የቆነጠጠው የገንዳውን ጠርዝ አይደለም። የመብራቱን ገመድ ነው።

ጣቷን ላከችና ነካካችው። ገመዱ ውፍረቱ ከጠርዙ ጋር ይመሳሰላል። በጣት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነው። የቸኮለ ሰው ትቶት ይሄዳል እንጂ ገመድ ላይ አጥብቆ አያስርም። ይህ የተጠነቀቀ እጅ ሥራ ነው። የሚያይ ሰው ግን አያደርገውም።

የካቢኔውን በር ከፍታ ደብተሩን አወረደች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ጨው፣ ሙቀት፣ ቀን፤ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ደቃቅና ቀጥ ያለ ጽሕፈት። የዛሬ ዓመትም እንደዚያው። ከስድስት ወር ወዲህ ፊደሎቹ መወፈር ጀመሩ። ከዚያ ከመስመር መውጣት። ከዚያ መስመር ላይ መስመር መደራረብ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች አንድ ቁጥር ገጹን ግማሽ ይዟል፣ ሌላው በላዩ ላይ ወጥቶበታል።

ትንሿ በሥራዋ የሕፃናት ደብተር ስታርም ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሰነፍ ልጅ እንዴት እንደሚጽፍ ታውቃለች፤ ያኮረፈ ልጅም፣ የቸኮለ ልጅም። በየዓመቱ አንድ ሁለት ደግሞ እንደዚህ የሚጽፍ ይመጣል። ወላጁን ጠርታ የምትለው ነገር አንድ ነው፦ ልጁን ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ደብተሩ ከእጇ ወደቀ። «ጣሳውን ዘግቶታል እንጂ ደብዳቤውን አላነበበውም» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አታውቅም።

ዳኛው መጻሕፍት ክፍላቸው ነበሩ። ደብተሩን ከፊታቸው አኖረችው፣ በመጨረሻው ገጽ ተከፍቶ።

«አባባ፣ ሰኞ ዕለት ባለ ባልዲው ምን አለዎት?»

አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው ግን አላደረጉትም። «ደርሰሽበታል ማለት ነው።»

«ምን አለዎት?»

«'ዓይኔ እየሄደ ነው፣ ዓሣውን የገደልኩት እኔ ነኝ' አለኝ። 'ለልጅዎ ግን አይንገሩ' ብሎ ለመነኝ። 'ከምታዝንልኝ ቸልተኛ ነው ብላ ብትጠላኝ ይሻለኛል' አለ። ቃል ሰጠሁት።»

«ዝም ያሉት ቃል ስለሰጡ ነው ወይስ ስለተመቸዎት?»

ዳኛው መልስ ለመስጠት የለመዱ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን መስኮቱን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ የሚስታቸውን ፎቶ አዩ። «ሁለቱም» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱም ነው፣ ልጄ።»

ትንሿ ደብተሩን አነሳች። ካቢኔው ውስጥ ያለውን ጣሳ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ» አሉ ዳኛው ከኋላዋ። እንደ ትእዛዝ ሳይሆን፣ እንደ ልመና።

«ይምጡ። መልሴን ይሰማሉ» አለችና በፊት በር ወጣች። ዳኛው በሩ ሲዘጋ ሰሙት፤ ቤቱ እንዴት ትልቅ እንደሆነ ያን ዕለት ገባቸው።

ባለ ባልዲው የሚኖረው ከአንድ መስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ባለች አንድ ክፍል ነው። ደረጃው አሥራ አራት እርከን አለው። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ሳታንኳኳ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ትንሿ ነሽ።»

በሩን ገፋችው። «እንዴት አወቅህ?»

«እርምጃሽ የመምህር ነው። ደረጃ ስትወጪ እንደ ስም መጥሪያ እኩል እኩል ነው የምትረግጪው።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ለምን መጣሽ?»

አንቺ ብሏት ነበር። አምልጦት ነው። ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ክፍሏ ንጹሕ ናት። ባልዲዎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀምጠዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች አንገታቸው ላይ ክር ታስሮባቸዋል፤ ጨዉ አንድ ቋጠሮ፣ ስኳሩ ሁለት። መስኮቱ ላይ ውሃ የሌለው ትንሽ ገንዳ አለ። ትንሿ ቋጠሮዎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት ሊሞላው ነው።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «መሐሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩ አለ። አንድን ነገር ቀጥ ብዬ ካየሁት ይሰወርብኛል። ሐኪሙ ከእናት የሚወረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም አለኝ። ለነገሩ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ። እናቴን መርቼ ያደግኩት እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ዕለት ግድግዳውን...»

«ግድግዳውን አይደለም» አለ ቶሎ ብሎ። «አንቺን ነው። ፊትሽን ቀጥ ብዬ ካየሁት አጣዋለሁ። ትከሻሽን አልፌ ሳይ ነው በጎን የሚመጣልኝ። እሱም እንደ ጉም። ያን ቀን የመጨረሻዬ ነው ብዬ ነበር የማይሽ።»

ትንሿ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ያቆሰላት እይታ ለካ ፍቅር ነበር።

«ደብዳቤዬስ?»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣው። ማጠፊያው ሊቀደድ እስኪደርስ ተነክቷል። «ሦስት ገጽ ነው። በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ብዕርሽን የት ላይ ጫን እንዳደረግሽ ሳይቀር አውቃለሁ። ምን እንደሚል ግን አላውቅም።»

«ሰው አታስነብብም ነበር?»

«ማንን? ታች ያለውን መስታወት ቆራጭ? 'ውዴ' የሚለውን ያንቺን ቃል በዚያ በሚያስነጥስ አፉ ልስማው?»

ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ከእጁ ተቀበለችው፣ ከጎኑ ተቀመጠች፣ ማንበብ ጀመረች። የራሷ ቃል ቢሆንም ድምፅዋ እንደ አዲስ አንባቢ ተደነቃቀፈ። የመሐንዲሱን ነገር አነበበች። ክፉ ሰው አለመሆኑን አነበበች። «አንተ ግን ቅዳሜን ቅዳሜ ያደረግኸው ሰው ነህ» የሚለውን አነበበች። እሱ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል አድርጎ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቀጥይ።»

«ይቅር።»

«ቀጥይ፣ እባክሽ።»

«'የምትለው ቢጠፋህ ምንም አትጻፍ'» አነበበች፣ «'የጣሳውን ክዳን ብቻ ክፍት አድርገህ ተወው፣ እኔ እረዳዋለሁ። ዘግተኸው ከሄድክ ግን...'»

መጨረስ አልቻለችም፤ ማስጨረስም አላስፈለገውም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ የሚይዘው ስላጣ ባዶውን ገንዳ ያዘ።

«ዘጋሁት» አለ። «በሁለቱም ቅዳሜ ዘጋሁት። የገንዳው እርጥበት ወረቀትሽን እንዳያበላሽብሽ ብዬ... በጡጫዬ መትቼ ነው ያጠበቅሁት። ልጠብቅልሽ ብዬ'ኮ ነው!»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር፤ አባቷ እንኳ እናቷን ሲቀብሩ መነጽራቸውን ነበር የጠረጉት።

«አሁን ሰምተኸዋል» አለችው። «መልሱን አሁን ስጠኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «መሐንዲሱን አግቢ።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«አባቴ እናቴን ይወዳት ነበር» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ስትታወር ሦስት ዓመት እጇን ይዞ መራት። ከዚያ እጇ ከበደው። አንድ ጠዋት መንገድ ዳር አቁሟት 'መጣሁ' አላት፣ አልመጣም። እዚያው ቆማ ስትጠብቀው ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጇን ስይዛት 'መጣህ?' አለች፣ እሱ መስያት። እኔ ያንን የእናቴን ቃል አልለውም፣ ትንሿ። ለማንም አልለውም። አንቺ ደግሞ በሰው ጉድጓድ በር ላይ ዘበኛ ሆነሽ ልትቆሚ አልተፈጠርሽም።»

ከታች የመስታወት መቁረጫው ሲያፏጭ ይሰማል።

«አንድ ቀን ጠይቄህ ነበር» አለች ትንሿ። «'እሱስ ምን ያገኛል?' ብዬ። ምን ብለህ ነበር የመለስክልኝ?»

የባዶውን ገንዳ ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ።

«ምን አልከኝ?»

«ቤት» አለ በጭንቅ።

«መቆፈር አይችልም አልከኝ። እሷ ባትኖር ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው አልከኝ። ያንን ቤታችንን አይተኸዋል፤ ስምንት ክፍል አለው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንዱም ውስጥ ተኝቼ አላውቅም፤ ተጋድሜ ነው ያደርኩት። እኔ ቤት የነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት። አንተ ነህ የቆፈርክልኝ። ላዝንልህ የመጣሁ መስሎሃል? ለራሴ ነው የመጣሁት።»

እሱ በጎን አያት፤ አሁን ግድግዳውን እያየ አለመሆኑን ታውቃለች፣ ስለዚህ ዝም ብላ ታየችለት።

«ካልተሳሳትኩ» አለ ቆይቶ፣ «ፀጉርሽን ወደ ኋላ አሲዘሽዋል።»

«አዎ።»

«ዓይንሽን ግን አላገኘሁትም። ከወር በፊት አገኘው ነበር።»

ከዚህ በላይ ብትቆይ እንደምትለምነው አወቀች፤ ልመና ደግሞ መልስን ያበላሻል። ጣሳውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እጁን ይዛ ክዳኑን አስነካችው።

«ተዘግቷል፣ አንተ እንደዘጋኸው። እኔ ልሄድ ነው፤ አልጫንህም። ዘግተህ ከተውከው ዘንድሮ ቀርቶ ዕድሜ ልኬን አላስቸግርህም። ምን ማለት እንደሆነ ግን አሁን ታውቃለህ።»

ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። አንድ እርከን ወረደች፣ ቆመች። ሁለት። ሦስት። እኩል እኩል መርገጥ አቃታት። በአምስተኛው ላይ የአባቱ ነገር ታወሳት። ልጅ ሆኖ ያን መንገድ ዳር ያየ ሰው እንዴት ክዳን ይከፍታል? በስምንተኛው ላይ ተስፋዋ አለቀ። በዘጠነኛው ላይ የነገው ምሳ፣ የመሐንዲሱ እናት ደግ ፊት፣ የአባቷ መነጽር ያልለበሰ የተራቆተ ዓይን ታያት። እግሯ አሥረኛውን ሊረግጥ ሲል፦

«ቋ!»

ቆመች። ያ የጠበቀ የጣሳ ክዳን ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከላይ፣ ገርበብ ካለው በር ጀርባ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። አልጠራትም፣ ተነስቶም አልመጣም። ከፍቶ ተወው፤ ልክ እንደጻፈችለት።

ትንሿ እዚያው ዘጠነኛው እርከን ላይ ቁጭ አለች፣ ጉልበቷን አቅፋ። እንባዋ ለደስታ ይሁን ለሐዘን እሷም አልለየችውም። ለቢጫው ዓሣ አለቀሰች፣ መንገድ ዳር ቆማ ለቀረችው ሴት አለቀሰች፣ ከወር በፊት ለነበረውና ከወር በኋላ ለማይኖረው አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ ላይ ዞረች። ገና አንድ እርከን ሳትወጣ እንደ ልማዷ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች፣ ጉንጯን አደረቀች፣ ማልቀሷን እንዳያይባት ፊቷን አስተካከለች።

መሐረቡ እጇ ላይ እንዳለ ትዝ አላት። አያይም'ኮ። ከእንግዲህ ፊቷን ከሱ መደበቅ አይኖርባትም።

ከሁሉም ይልቅ ያስለቀሳት ያ ነበር።